«ወደ ቤት ውሰዷት» ተባልን፤ እናቴን እንዴት ላስታምማት?

የጓሳዋ (መንዝ)፣ ኅዳር 18

ለተሳታፊዎች በሙሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እዚህ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ ልናገር።

እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ደም ይፈስሳት እንደነበር ለአንድ ዓመት ያህል ደብቃን ቆይታ ስትመረመር የማኅፀን በር ጫፍ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። አዲስ አበባ ተመላልሳ የጨረር ሕክምና ወሰደች፤ ተሽሏትም አንድ ክረምት በሰላም ከረመች፤ አሁን ግን በሽታው ተዛምቷል። ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ከክፍሉ አስወጥቶ «ከዚህ በኋላ የምናደርግላት ነገር የለም፣ ወደ ቤት ውሰዷት» አለን። ይዘን የተመለስነው አንድ የማጠቃለያ ወረቀትና የፓራሲታሞል ክኒን ብቻ ነው።

የምንኖረው ከመሐል ሜዳ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል በሚያስኬድ መንደር ነው። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ባለው መደብ ላይ ባና ለብሳ ትተኛለች። ቀን ጎረቤት ሲጠይቃት «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ ሌሊት ግን እኛን ላለመቀስቀስ የጋቢዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ስታቃስት እሰማታለሁ። ጠዋት ጋቢውን ሳጥፍ ጫፉን ርሶ አገኘዋለሁ።

ሕመሟን በምን ላስታግስላት? ከሚፈስሳት ነገር የሚመጣው ሽታ እያሳፈራት ሰው እንዳይጠጋት ትከላከላለች፤ እርሱንስ ምን ላድርገው? በዚያም ላይ የነቢያት ጾም ስለገባ ወተት አልቀምስም ብላለች። ወንድሜ ደግሞ «የዳነች ይመስላት፣ ማንም እንዳይነግራት» ብሎ ቤተሰቡን ሁሉ አስምሏል። እናቴ ዐይን ዐይኔን ስታየኝ የምገባበት ይጠፋኛል።

ሲስተር (ደብረ ብርሃን)፣ ኅዳር 18

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ነርስ ነኝ፤ ካንሰር ያለባቸውን ሕሙማን ስንከባከብ ዓመታት ተቆጥረዋል። «የምናደርግላት ነገር የለም» የሚለው ቃል ከየትም ይምጣ ስህተት መሆኑን በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። በሽታውን ለማዳን የሚደረገው አልቆ ይሆናል፤ ሕመሟን ለማስታገስ የሚደረገው ግን እንደምትነግሪን ከሆነ ገና አልተጀመረም።

በማይድን በሽታ የታመመን ሰው እንዲህ ሕመሙን እያስታገሱ መንከባከብ ሆስፒስ ይባላል፤ ብዙ ሰው ግን ሆስፒስ ሲባል አንድ ሕንፃ ይመስለዋል። መነሻው እንዲያ ቢሆንም ቁም ነገሩ የእንክብካቤው ዐይነት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ለንደን ላይ ቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን ያቋቋመችው ሲሲሊ ሳውንደርስ በመጀመሪያ ነርስ፣ በኋላም ሐኪም የነበረች ስትሆን፣ በጠና የታመመ ሰው ሥጋው ብቻ ሳይሆን ሐሳቡ፣ ከሰው ጋር ያለው ኑሮውና መንፈሱም አብረው እንደሚታመሙ፣ ስለዚህም አንዱን ትቶ ሌላውን ብቻ ማከም እንደማይቻል ያስተማረች ሴት ናት። አንቺም በጻፍሽው ውስጥ አራቱም አሉ፦ የሌሊቱ ሥቃይ፣ እፍረቷ፣ ጾሟ፣ የቤተሰቡ መሐላ። በአገራችን ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2003 ጀምሮ በአዲስ አበባ በሕሙማን ቤት እየተገኘ ሲያስታምም ቆይቷል፤ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም በዚያው አቆጣጠር በ2016 ብሔራዊ የማስታገሻ እንክብካቤ መመሪያ አውጥቷል። መመሪያ መኖሩና አገልግሎቱ መንዝ ድረስ መድረሱ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በዓለም ላይ እንኳ ይህ እንክብካቤ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ስለዚህ አስታማሚዋ አንቺ ነሽ፤ እኛም ከኋላሽ እንሁን።

አሁን ወደ ሥራው። የማጠቃለያ ወረቀቷን ይዘሽ በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ሂጂና «እናቴ ከባድ ሕመም አለባት፤ ፓራሲታሞል አልያዘላትም፤ በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን ይታዘዝላት» ብለሽ ጠይቂ። ሞርፊን ቁጥጥር የሚደረግበት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ በመሆኑ በልዩ ማዘዣ ወረቀት ነው የሚሰጠው፤ እዚያ ካልተገኘ የት እንደሚገኝ ጽፈው እንዲልኩሽ ሳታፍሪ ጠይቂ። ተራውን ሞርፊን የምትወስደው ሲያማት ብቻ አይደለም፤ ሕመሙ ከመመለሱ በፊት በየአራት ሰዓቱ ነው። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ለመያዝ ይቀላል፦ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከቀኑ 8፣ ማታ 12፣ ከዚያም ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ሐኪሙ ከፈቀደ እጥፉን ወስዳ ሌሊቱን ትተኛለች። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ለደከመ ሰው ብዙ ጊዜ ከ2.5 እስከ 5 ሚሊ ግራም ይጀመርና እንደ ሕመሙ ይጨመራል። ይህ በሽታ የሽንት መውጫውን ሊዘጋ ስለሚችል ሽንቷ ከቀነሰ፣ ወይም እጅግ ካንቀላፋትና ሰውነቷ ንዝር ንዝር ካላት መድኃኒቱ እየተጠራቀመባት ሊሆን ይችላልና ሳትውዪ ሳታድሪ ለሐኪሙ ንገሪ።

ሞርፊን ሆድ ያደርቃል። ይህን ሳይነግሩ የሚሰጡ አሉ፤ ታማሚውም ሆዱ ሲደርቅበት መድኃኒቱን ይጥለዋል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ ቢሳኮዲል ያለ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዝላት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ሊኖር ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ያልፋል።

ስለ ሽታው ሐኪሙን ሜትሮኒዳዞል እንዲያዝላት ጠይቂ፤ የሚዋጥ ወይም ተፈጭቶ በቁስል ላይ የሚደረግ ስለሆነ አጠቃቀሙን እርሱ ያሳይሻል። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ጨው ጨምረሽ እጠቢያት፤ ከሥሯ ላስቲክ፣ በላዩም ቶሎ ቶሎ የሚለወጥ ጨርቅ አንጥፊ፤ ጨርቁ ጠቆር ያለ ቢሆን ደም ሲፈስሳት እርሷም ሌላውም አይደነግጥም። ያልተቀጣጠለ ከሰል በሳፋ አድርገሽ ከመደቡ ሥር አስቀምጪ፤ ሽታ ይስባል። የተቀጣጠለ ከሰል ግን በተዘጋ ቤት ውስጥ አታሳድሩ። የመንዝ ብርድ ምን እንደሚያስደርግ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የከሰል ጭስ ሳይሸት ይገድላል።

እውነቱን ለእናትሽ ስለ መንገር ለብቻው እጽፍልሻለሁ።

የአንኮበር ሰው፣ ኅዳር 19

ሲስተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን የሚነግረኝ ሰው የዛሬ አራት ዓመት ባገኝ ኖሮ አባቴ ያን ያህል ባልተሠቃየ ነበር።

አባቴን የገደለው ወደ አጥንት የተዛመተ የፕሮስቴት ካንሰር ነው። ሞርፊን ታዝዞለት በእጃችን እያለ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳንሰጠው ቀረን። ምክንያቱ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ አንድ ዘመዳችን «ይህ ሱስ ያስይዛል፤ ሞርፊን የጀመረ ሰው አይነሣም» ስላለን ነው። አባቴ ራሱም «በስተርጅና ሱሰኛ አታድርጉኝ» አለ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር የሚያድረው፤ ከተጋደመ አጥንቱ አይችለውም። በኋላ አንድ ነርስ አስጠርታ «ለሕመም በልኩ የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ይፈልገዋል እንጂ ሱሰኛ አይሆንም፤ ከእርስዎ የሚጠበቀው መተኛት ነው» ስትለው እሺ አለ። በሁለተኛው ሌሊት መደቡ ላይ ተጋድሞ ሲያንኮራፋ ሰማሁት። እናቴ የሞተ መስሏት ተነሥታ አፉ ላይ እጇን አድርጋ ትንፋሹን ስታዳምጥ በባትሪ አየኋት።

ለእህታችን የምጨምረው ስለ አለካኩ ነው። ፈሳሹን የምንሰጠው መርፌው በተነቀለ ሲሪንጅ ነበር። መስመሩ በሌሊት ስለማይታየኝ ሐኪሙ ያዘዘው ልክ ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት አደረግሁበት፤ ከዚያ በኋላ እናቴም ሳትሳሳት ትሰጠው ነበር። በደብተር ላይም ሰዓቱን፣ የሰጠነውን፣ ሕመሙ ከአምስት ጣት ስንት እንደሆነ እንጽፍ ነበር። አባቴ ጣቱን ያሳየናል፤ መጀመሪያ አምስቱንም ነበር፤ በኋላ ሁለት። ሐኪሙ መጠኑን ያስተካከለው ያንን ደብተር አይቶ ነው፤ እኛ በቃል ብንነግረው ኖሮ አንዱ «አሞት አደረ» ሌላው «ደኅና ነበር» ማለታችን አይቀርም ነበር።

አንድ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት በመንገድ ላይ ጨረስናቸው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው ይባላል፤ አጥንቱ ለሚያመው ሰው ግን እያንዳንዱ ጉድጓድ ይቆጠራል፤ አንዳንዴም መንገዱ ተዘግቶ ተመልሰናል። ያን ሁሉ የተንገላታነው ለምርመራ እንጂ ለሕክምና አልነበረም።

ባለ ዕድር (ሸዋ ሮቢት)፣ ኅዳር 20

የሲስተርን ምክር አከብራለሁ፤ ስለ መንገሩ ጉዳይ ግን የልጅቱ ወንድም ተሳስቷል ለማለት አልደፍርም። በአገራችን መርዶ እንኳ በድንገት አይነገርም፤ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚያጽናና ዘመድ አጠገብ ሆኖ ነው። ለራሷ ለታማሚዋ «ትሞቻለሽ» ማለት ከዚያ የከፋ ነው። በዕድሬ ውስጥ ሐኪም ቁርጡን ነግሮት በዚያው ሳምንት እህል አልበላም ብሎ ያረፈ ሰው አውቃለሁ። ሰው የሚኖረው በተስፋ ነው፤ ዕድሜንም የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው።

ሲስተር (ደብረ ብርሃን)፣ ኅዳር 21

አባቴ፣ የሚሉትን ተረድቻለሁ፤ የመርዶውን ምሳሌ ማንሣትዎም ጠቅሞኛል። የመርዶ ሥርዓታችን መደበቅን አያዝም፤ ጊዜና ሰው መርጦ መንገርን ነው የሚያዘው። እኔም የምለው ከዚህ የተለየ አይደለም። ሐኪም በኮሪደር ቆሞ የሚወረውረውን ቁርጥ ንግግር እኔም እቃወማለሁ።

ታማሚውን የምንጠይቀው በቅድሚያ ነው፦ «ስለ ሕመምዎ ምን ያውቃሉ? ከዚህ በላይ ማወቅ ይፈልጋሉ ወይስ ከልጆችዎ ጋር እንድነጋገር ይሻሉ?» አልፈልግም ካለ አንጭንበትም። እፈልጋለሁ ካለ ደግሞ ልጆቹ ስለማሉ ብቻ ልንከለክለው አይገባም፤ ሕመሙ የእርሱ ነው። ዕድሜ በቀን ቆጥረን አንናገርም፤ ማንም አያውቀውምና። «በሽታው በመድኃኒት የሚመለስ አልሆነም፤ እንዳያምዎ ግን እናደርጋለን፤ ጥለንዎ አንሄድም» ማለት ግን እንችላለን። በሥራዬ ያየሁት አብዛኛው ታማሚ ከሞት ይልቅ የሚፈራው ብቻውን መቅረትን ነው፤ ሁሉም ሲዋሸው ደግሞ በሰው መካከል ሆኖ ብቻውን ይቀራል።

እህቴ፣ መሐላውን አንቺ አታፍርሺ። ወንድምሽንና የንስሐ አባቷን አንድ ላይ አስቀምጪና ጥያቄውን እርሳቸው ይጠይቋት።

የጓሳዋ (መንዝ)፣ ኅዳር 27

ሞርፊኑን አገኘን። ወንድሜ ሁለት ቀን ፈጅቶበት፣ ወረቀቱን ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው ተልኮ፣ በመጨረሻ ፈሳሹን ከማለስለሻው ጋር ይዞ መጣ። አራተኛ ቀኗ ነው። ጋቢዋ ደርቆ ያድራል። ይህን ለመጻፍ ነው ዛሬ ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ የወጣሁት።

የሽታውም ነገር በጣም ቀንሷል። ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ የጎረቤታችንን ልጅ «ና ቅረበኝ» ብላ አጠገቧ አስቀምጣ ቆሎ ሰጠችው።

ነገር ግን የጠዋቱን፣ የረፋዱንና የ8 ሰዓቱን መድኃኒት አልወስድም ትላለች። ጾሙን አልገድፍም፤ ከመቅደስ ደወል በፊት በአፌ ምንም አይገባም ነው የምትለው። ስለዚህ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሕመሙ እንደገና ይነሣባታል። እባካችሁ ከቤተ ክርስቲያን ወገን የሆነ ካለ ይምከረኝ።

ዲያቆን (ሰላ ድንጋይ)፣ ኅዳር 28

እህቴ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይጎብኝልሽ። የታመመ ሰው በጾም እንደማይገደድ የታወቀ ነው፤ ይህን ግን ከእኔም ከአንቺም ሳይሆን ከንስሐ አባቷ አፍ መስማት አለባት፤ ካልሆነ ልቧ አያርፍም። ቄሱን «መድኃኒቷ በሰዓት የሚወሰድ ነው፣ ከተቋረጠ ሥቃይ ነው» ብለሽ አስቀድመሽ አስረጂልኝ፤ ሁሉም አባት የመድኃኒቱን ጠባይ ላያውቅ ይችላል። ወተቱን አልፈልግም ካለች ግን አታስጨንቋት። የገብስ አጥሚት፣ የተልባ ወይም የሱፍ ውኃ፣ የበሶ ብጥብጥ የጾም ምግብ ስለሆኑ እንደ ወደደችው ጥቂት ጥቂት ትቅመስ።

ሥጋ ወደሙ መቀበል ከፈለገች ስለ ሰዓቱና ስለ መድኃኒቱ አባቷ ይወስኑላታል፤ አስቀድማችሁ ቀን ቁረጡ እንጂ እስክትደክም አትጠብቁ፤ መዋጥ ካቃታት በኋላ ብዙዎች ይጸጸታሉ። ጸሎተ ቀንዲልም ለሞት የተቃረበ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ሕመምተኛ የሚደረስ ጸሎት ነው። ቄሱ ቀንዲል ሊያደርሱላት ሲመጡ «መሞቴ ነው» ብላ እንዳትደነግጥ ይህን ንገሯት።

ሌላው ጸበል ነው። በእኛ አካባቢ ጻድቃኔ ማርያም አለች፤ ወደ ሸንኮራ ዮሐንስም ሰው ይጎርፋል። ሁለቱም ዘንድ መድኃኒታቸውን ጥለው የመጡ ሰዎችን አይቻለሁ፤ እጅግ ያሳዝነኛል፤ ጸበልና መድኃኒት የተጣሉበት ጊዜ የለምና። መቆም የማትችልን እናት በቃሬዛ ተሸክሞ በብርድ ውኃ ከማስጠመቅ ይልቅ ጸበሉን በጀሪካን አምጥቶ ቤቷ መርጨትና ማስጠጣት ይቻላል።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ታኅሣሥ 1

ሰላም ለሁላችሁ። ከልምዴ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የአልጋ ቁስል ቤት ለቤት ስንሄድ በብዛት የምናየው ነገር ነው። በየሁለት ሰዓቱ ጎን ለውጡላት፤ በጉልበቶቿ መካከልና ከተረከዟ በላይ ባለው እግሯ ሥር የታጠፈ ጋቢ አድርጉ፤ ስትለውጧት አትጎትቷት፣ በአንሶላ አንሡአት። የቀላ ቦታ ካያችሁ አትሹት። የቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በቤታችሁ ካላለፈች ሂዱና ጥሯት፤ በቀበሌው ብዙ ቤት ስላለባት ሳይነገራት ላታውቅ ትችላለች።

የጓሳዋ (መንዝ)፣ ታኅሣሥ 11

የዘገየሁት ብዙ ነገር ስለሆነ ነው።

የንስሐ አባታችን መጥተው ስለ ጾሙ «ልጄ፣ ይህን መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድ የእኔ ትእዛዝ ነው» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እኔ ሳልነሣ እርሷ ትቀሰቅሰኛለች።

ስለ መንገሩ ጉዳይ ወንድሜ ለአምስት ቀናት አኩርፎኝ ነበር። ሌላ የግል ሆስፒታል ጠይቆ፣ መኪና ተነጋግሮ ሊወስዳት ተዘጋጅቶ ነበርና። በመጨረሻ አባታችን እርሱን ለብቻው ከግቢው ውጭ አነጋገሩት፤ ምን እንዳሉት አልነገረኝም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስታችን አጠገቧ ተቀመጥን። አባታችን ሲስተር እንዳለችው «ስለ ሕመምሽ ማወቅ የምትፈልጊው ነገር አለ?» ብለው ጠየቋት። እናቴ ወደ እርሳቸው ሳይሆን ወደ ወንድሜ ዞራ «መኪናው ለማን ነው?» አለችው።

ወንድሜ አለቀሰ። ከልጅነታችን ጀምሮ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ከዚያ እርሱ ራሱ ነገራት፤ በሽታው እንደተዛመተ፣ ሐኪሞቹ መመለስ እንዳልቻሉ። እርሷም «መኪና ላይ መሞት አልፈልግም። እዚሁ ልሁን» አለች። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ቆይታ፣ ውርጭ አዝመራውን በመታው ዓመት ከታችኛው ሰፈር ሁለት ቁና ገብስ ተበድራ ሳትመልስ መቅረቷን ተናገረች። አበዳሪዋ ሞታለች፤ ለልጇ ይሰጥ አለች። ወንድሜ በዚያው ከሰዓት ሰፍሮ ተሸክሞ ሄደ። ሌሊቱን ስተኛ የምሰማው እስትንፋሷን ብቻ ነበር።

አሁን ስለ ቤቷና ስለ ዕቃዋ ኑዛዜ ማድረግ ትፈልጋለች። በምን መልኩ ቢሆን ነው ኋላ ላይ ክርክር የማያመጣው?

ባለ ዕድር (ሸዋ ሮቢት)፣ ታኅሣሥ 12

ልጄ፣ ጽሑፍሽን አንብቤ ለባለቤቴም አነበብኩላት። ለሁሉም ሰው ይሠራል ብዬ አሁንም አልልም፤ ለእናትሽ ግን መልካም ሆኗል።

ስለ ኑዛዜው፣ በቃል ብቻ አትተዉት፤ በሕጉ የቃል ኑዛዜ የሚጸናው ለጥቂት ነገር ብቻ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በእርሷና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ፣ መነበቡም እዚያው ላይ ተጽፎ፣ እርሷም ምስክሮቹም ወዲያውኑ ይፈርሙበታል። ብዙ ኑዛዜ የሚፈርሰው «ተነቧል» የሚለው ቃል ስለሚቀር ነው፤ ቀኑንም አትርሱ። ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ምስክር አይሁን። የእርሻ መሬትን በተመለከተ የክልሉ የመሬት ሕግ ለብቻው ስላለ የወረዳውን መሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ሐሳቧ ንጹሕ በሆነበት ሰዓት፣ ረፋድ ላይ አድርጉት፤ መድኃኒቱ እንቅልፍ በሚያመጣባት ሰዓት ከሆነ ኋላ «አእምሮዋ አልነበረም» የሚል ተቃዋሚ ይነሣል።

የጓሳዋ (መንዝ)፣ ታኅሣሥ 30

ልደትን አብረን ዋልን። ግን ከሦስት ቀን ወዲህ ምግብ አትቀምስም፤ አጥሚቱንም ከንፈሯን ነክታ ትመልሰዋለች። ዘመዶች ተሰብስበው «በረሃብ ልትገድሏት ነው፤ ግሉኮስ ይሰቀልላት» እያሉ ነው። አክስቴ በግድ በማንኪያ ስታጎርሳት ትን አላትና ሁላችንም ደነገጥን። ምን ልበላቸው?

ሲስተር (ደብረ ብርሃን)፣ ታኅሣሥ 30

እህቴ፣ ስልክሽን በመልእክት ላኪልኝ፤ ማታ እደውላለሁ። እስከዚያ ለዘመዶችሽ ይህን አንብቢላቸው።

የምትሞተው ስላልበላች አይደለም፤ ሰውነቷ ሥራውን እየጨረሰ ስለሆነ ነው መብላት ያቆመችው። በዚህ ሰዓት የረሃብ ስሜቱም እየጠፋ ይሄዳል። በግድ የሚሰጣት ምግብ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ግሉኮሱም ሰውነቷ ሊያስወግደው ስለማይችል እግሯን ሊያሳብጥና ደረቷ ላይ ፈሳሽ ሊያጠራቅም ይችላል። ማጉረስ ፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ አክስትሽ እጇን ሥራ እንዳታስፈታ ሌላ ሥራ ስጫት፦ ንጹሕ ጨርቅ በውኃ አርጥባ አፏን፣ ድዷንና ከንፈሯን በየሰዓቱ ታብስላት፤ ከንፈሯንም ቫዝሊን ትቀባት።

ሞርፊኑን በድንገት አታቁሙ። መዋጥ ካቃታት የታዘዘላትን ያህል በጉንጯ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ጠብ ጠብ አድርጉ፤ ሰዓቱንና መጠኑን ማታ አብረን እናያለን። በሚቀጥሉት ቀናት እጅና እግሯ ሊቀዘቅዝ፣ ቆዳዋ ሊጠቁር፣ ትንፋሿም ቆም እያለ እንደገና ሊነሣ ይችላል። ጉሮሮዋ ውስጥ የሚንኳኳ ድምፅ ብትሰሙ እናንተን ያስጨንቃል እንጂ እርሷን እንደሚያሠቃያት አይታሰብም፤ በጎኗ አስተኟት፣ ራሷንም ከፍ አድርጉላት። ባትመልስላችሁም አነጋግሯት፤ መስማት ዘግይቶ የሚለቅ ሕዋስ እንደሆነ ይታመናል። ሙሾና ልቅሶ በአጠገቧ አይጀመር።

የአንኮበር ሰው፣ ጥር 1

ከእናንተ ጋር ነኝ። ተራ ተቀያየሩ፤ አንቺም ተኚ። እኔ ለአራት ሌሊት ሳልተኛ ቆይቼ በአምስተኛው ሰዓቱን አሳልፌበት ነበር።

የጓሳዋ (መንዝ)፣ ጥር 24

እናቴ ጥር 4 ሌሊት አረፈች። ወንድሜ እጇን ይዞ ነበር፤ እኔ ከመደቡ ሥር ነበርኩ። አክስቴ አፏን ያበሰችበት ጨርቅ ገና እርጥብ ነበር። ምንም አላቃሰተችም። ሲስተር ከዚያ በፊት በነበሩት ማታዎች ሁሉ ደውላልናለች፤ ውለታዋን እግዚአብሔር ይክፈላት።

እስካሁን ያልጻፍኩት ለቅሶው ስለነበረ ነው። ዛሬ የምጠይቀው አለኝ። የሞርፊኑ ጠርሙስ ከግማሽ በታች ቀርቶ በሣጥን ቆልፌበታለሁ። የታችኛው ሰፈር ሰው፣ ያ ገብስ የመለስንለት፣ ወገቡን ለብዙ ዓመት ያመዋልና «እናታችሁን ያስተኛትን መድኃኒት ትንሽ ስጡኝ» ብሎ ሁለት ጊዜ መጥቷል። እምቢ ማለት ከበደኝ።

ሲስተር (ደብረ ብርሃን)፣ ጥር 24

ነፍሷን ይማር፤ እናንተንም ያጽናችሁ።

እህቴ፣ አንድ ጠብታም እንዳትሰጪው። ለእናትሽ በሕመሟ ልክ ቀስ እያለ የተጨመረ መጠን ለእርሱ ትንፋሹን ሊያቆም ይችላል። ጠርሙሱን ከቀረው ጋር፣ ከማዘዣው ቅጂ ጋር፣ ወደ ሰጣችሁ ሆስፒታል መድኃኒት ቤት መልሱና መረከባቸውን አስፈርሙ። መሬት ላይ አትድፉት፤ ለሌላ ቀን ብላችሁም አታስቀምጡት። ሰውየው ግን ለብዙ ዓመት የታመመ ወገብ ካለው መመርመር አለበት፤ ወደ እኛ ይምጣ፤ ስሜን ጠይቆ ይግባ።

አንቺስ ትተኛለሽ?

የጓሳዋ (መንዝ)፣ ጥር 25

እስከ ጠዋት 12 ሰዓት ድረስ እተኛለሁ፤ በዚያ ሰዓት ራሴ እነቃለሁ።

ማክሰኞ ወንድሜ ጠርሙሱን ይዞ ይሄዳል። ሰውየውንም አብሮ ይወስደዋል፤ ለመኪናው እኛ እንከፍልለታለን።